የእናቶች ስም በትውልድ መጽሐፍ

ሰው ከየት እንደ መጣ መጠየቁ የሥጋ ጉጉት ብቻ ሳይሆን የነፍስም ረኃብ መሆኑን የሚያስረዳን፣ በምድር ላይ የኖሩ ሕዝቦች፣ ጽሕፈት ያላቸው በብራና፣ ጽሕፈት የሌላቸው በቃል፣ ትውልዳቸውን ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ቅድመ አያት ሲቆጥሩ መኖራቸው ነው። በሀዲያና በከምባታ ምድር ይህ ቆጠራ ዛሬም ሕያው ነው። ከሆሳዕና መናኸሪያ ተሳፍረው ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሺንሺቾ ወይም ወደ ሾኔ የሚጓዙ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ የማን ልጅና ከየትኛው ጎሳ እንደ ሆኑ ይጠያየቃሉ፤ የአባቶቻቸውንም ስም አንድ በአንድ እየጠሩ ወደ ላይ በወጡ ጊዜ የሚገናኙበትን አንድ አባት ያገኙና፣ ባዕድ ሆነው የተሳፈሩት ሰዎች ዘመድ ሆነው ይወርዳሉ። የሽማግሌዎቹ ዕውቀት ደግሞ ከዚህ እጅግ የሰፋ ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሀገሩ ተዘዋውሮ ከሽማግሌዎች አፍ የሰበሰበውን የትውልድ ቆጠራ፣ በ1980 ላሳተመው የሀዲያ ታሪክ መሠረት አድርጎታል፤ በዚህም ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅ።

ይሁን እንጂ ይህ የተከበረ ዕውቀት አንድ ታላቅ ጉድለት አለበት፤ ይኸውም እናቶች የሌሉበት ትውልድ መሆኑ ነው። ጉድለቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በቀላል ሒሳብ መረዳት ይቻላል። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ ቆጠራው በዚሁ ዓይነት እየታጠፈ እስከ ሰባተኛው ትውልድ በወጣ ጊዜ የወላጆቹ ጠቅላላ ቁጥር 254 ይሆናል፣ ከእነዚህም 127ቱ ሴቶች ናቸው። ሰባት ትውልድ በቃሉ የሚቆጥር ሰው ግን የሚጠራው የሰባት ወንዶችን ስም ብቻ ነው። ደሙ ከሁለት መቶ ሃምሳ አራት ሰዎች ተቀድቶ ሳለ የሁለት መቶ አርባ ሰባቱን ስም ሳያውቅ ይኖራል፤ ከእነዚህም የሚበዙት እናቶቹ ናቸው።

ጉድለቱን ካየን ዘንድ ጥያቄው ከታሪክ ወደ ሃይማኖት ይሻገራል። የራሳችንን ጠጉር እንኳ የቈጠረ እግዚአብሔር የእያንዳንዷን እናት ስም የሚያውቅ ከሆነ፣ በሰማይ ያለው መጽሐፈ ሕይወትም የእኛን ብዕር የማይጠብቅ ከሆነ፣ የሞቱትን ሴቶች ስም ከመቃብር ቆፍረን ለማውጣት የምንደክመው ድካም ምን ይረባል? ደግሞስ ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስና ለቲቶ በላከው መልእክት መጨረሻ ከሌለው የትውልድ ታሪክ እንዲርቁ አላስጠነቀቀምን? እነዚህ ሁለት መቃወሚያዎች ቀላል አይደሉም፤ መልስም የሚገባቸው በቃል ክርክር ብቻ ሳይሆን የኖሩ ሴቶችን ሕይወት በመመርመር ነው።

ለዚህ ምርመራ ሆሳዕና ራሷ ታላቅ ምስክር ይዛለች። የከተማይቱ ታላቅ ሆስፒታል ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ተብሎ ይጠራል። በየቀኑ በዚያ ደጅ የሚገባው ሕመምተኛ፣ በዚያም የምትገላገለው እናት፣ የክርስቲያን ስም ያላት የእስላም ባላባት ልጅ የሆነች የአንዲት ሴትን ስም እየጠሩ ያልፋሉ። እሌኒ የሀዲያው ገዥ የገራድ መሐመድ ልጅ ነበረች። ሀዲያ ለክርስቲያኑ መንግሥት ግብር በሚከፍልበትና ሰላሙም በጋብቻ በሚታሰርበት በ15ኛው ምእት ዓመት፣ ከ1434 እስከ 1468 ለነገሠው ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተሰጥታ ተጠመቀች፣ የቀኝ በዓልቲሐት የተባለውንም የንግሥትነት ማዕርግ አገኘች። ወንድሟ ማሒኮ ግብር አልከፍልም ብሎ ባመፀ ጊዜ፣ በእርሱ ፈንታ አጎታቸው ባሞ በሀዲያ ላይ ተሾመ፤ እርሷም የወንድሟ ጠላት በሆነው በባሏ ቤት፣ የአባቷ ሀገር ዕዳ መያዣ ሆና መኖር ግድ ሆነባት። እንደዚህ ባለው ቦታ የተቀመጠች ሴት ልቧ መሰበር፣ ስሟም መጥፋት በተገባው ነበር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ሞቶ በ1468 በእደ ማርያም በነገሠ ጊዜ፣ ወላጅ እናቱ ጽዮን ሞገሳ አስቀድማ በአባቱ ቅጣት ሞታ ነበርና፣ እሌኒን እንደ እናቱ አድርጎ አከበራት። ዜና መዋዕሉም በጸሎቷና በቍርባኗ፣ በሃይማኖቷ ጽናት፣ ሕግን በማወቋና መጻሕፍትን በመመርመሯ፣ የንጉሡንም ማዕድ በማዘጋጀት ጥበቧ ሳይቀር ያመሰግናታል። ከዚያም በእስክንድርና በናዖድ ዘመናት አልፋ፣ በ1508 ልብነ ድንግል ገና ሕፃን ሳለ ዙፋኑን በወረሰ ጊዜ፣ የመንግሥቱን ምክር በእጃቸው ከያዙት የመጀመሪያይቱ ሆነች። ከአዳል ጋር ሰላምና ንግድ እንዲጸና የደከመች፣ የግብፅ ሱልጣን ኃይል በባሕሩ ላይ ሲበረታ አይታም ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ወደ ማኑኤል የላከች እርሷ ናት። መልእክተኛው በሕንድ በኩል ዞሮ በ1514 ሊዝበን ደረሰ፤ መልሱም የሆነው የፖርቱጋል ልዑክ በ1520 ምጽዋ ላይ ወረደ። ከልዑኩ ጋር የመጣው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1522 ገደማ የእሌኒን ሞት ሲተርክ፣ ሕዝቡ የሁሉ አባትና የሁሉ እናት ሞተች፣ በእርሷ ሕይወት ሁሉ ይኖር ነበር እያለ ማልቀሱን ይነግረናል።

የእጅዋ ሥራ ከፖለቲካውም ይበልጣል። በጎጃም የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠራች እርሷ ስትሆን፣ ሕንጻው በኋላ በመጣው ጦርነት ቢፈርስም የጠራቢዎቹ ጥበብ ዛሬም በተቀረጸው ድንጋይ ቅሪት ላይ ይታያል። ደራሲም ነበረች። በ16ኛው ምእት ዓመት የነበረው ፖርቱጋላዊው ጸሐፊ ዳሚያኦ ደ ጎይሽ እሌኒ ሁለት መጻሕፍት መድረሷን ጽፏል፤ አንደኛው እንዚራ ስብሐት ሆኖ ስለ ሥላሴ ምስጢርና ስለ እመቤታችን ድንግልና የሚናገር፣ ሁለተኛው ፀዳለ ፀሐይ ተብሎ ስለ እግዚአብሔር ሕግ የሚያትት ነው። በሀዲያ ቤተ መንግሥት የተወለደች፣ በልጅነቷ የእስልምናን ሃይማኖት የተማረች ሴት በግእዝ የምስጢረ ሥላሴ ደራሲ ለመሆን መብቃቷ፣ የሰው ልቡና ከተወለደበት አጥር አልፎ እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል የሚያስተምር ታላቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ የትውልድ ቆጣሪ ሁሉ ቆም ብሎ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። እሌኒ ልጅ አልወለደችም። ትውልድ የሚፈለገው ከልጅ ወደ ወላጅ በመውጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ወደ እርሷ የሚያደርስ አንድም መንገድ ባልተገኘ ነበር፤ ምክንያቱም አያቴ ናት ብሎ ስሟን የሚጠራ የአብራኳ ክፋይ የለምና። የተገኘችው እንደ ገራድ መሐመድ ልጅ፣ እንደ ማሒኮ እኅት፣ እንደ በእደ ማርያም የክብር እናት፣ እንደ ደብር አሠሪ፣ እንደ ደብዳቤ ላኪ፣ እንደ መጽሐፍ ደራሲ ተፈልጋ ነው። ሆኖም ይህ ሁሉ ክብር ሳለላት እንኳ፣ ዜና መዋዕሉ የአባቷን ስም ጠብቆ የእናቷን ስም አልጻፈም፤ ከጥምቀት በፊት በአባቷ ቤት የተጠራችበትንም ስም አላቆየልንም። ንግሥት ሆና ሳለ ግማሽ ስሟ ከጠፋ፣ በዚያው ዘመን በሀዲያ መንደር የኖረችው ተራ ሴት ስም እንዴት ይገኛል?

ስለ መካንነትና ስለ ስም መጽሐፍ ቅዱስ የሚናገረው ነገር በዚህ ምድር ላይ ልዩ ክብደት አለው። ነቢዩ ኢሳይያስ ልጅ መውለድ ለማይችሉት ጃንደረቦች እግዚአብሔር በቤቱ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እንደሚሰጣቸው ተናግሯል። በ14ኛው ምእት ዓመት የነበረው ዐረባዊው ጸሐፊ አል ዑመሪ ደግሞ፣ በሌላ ስፍራ የተሰለቡት ባሮች ወደ ሀዲያ እየተወሰዱ ቁስላቸው በዚያ ይታከም እንደ ነበረ ጽፏል። እነዚያ የሚበዙት ገና ልጆች የነበሩ ምስኪኖች የእናታቸውን ስም በልባቸው ይዘው የማያውቁትን ባሕር ሲሻገሩ፣ የእነርሱን ስም ደግሞ የሚጠራ ልጅ ሳያፈሩ ቀርተዋል። የነቢዩ ቃል ለእነርሱ መጽናኛ ነው፤ ለእኛ ግን ትእዛዝ ነው። እግዚአብሔር ስማቸውን በቤቱ ካኖረ፣ በዚያ ቤት ገብተን የምንጸልይ እኛ ስማቸውን በምን መብት እንረሳለን?

ይህ የእኛ ሀገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን ከባሕር ማዶ ያሉትን የጥቁር ሕዝብ ልጆች እንመልከት። በአሜሪካ በ1850 እና በ1860 በተደረገው ቆጠራ፣ ባሪያዎች የተመዘገቡበት ልዩ መዝገብ የጌታቸውን ስም ሲጽፍ፣ የእነርሱን ግን ዕድሜያቸውን፣ ፆታቸውንና የቆዳቸውን ቀለም ብቻ ያሰፍር ነበር። ነጻ የወጡት ሁሉ በስማቸው የተጻፉበት የመጀመሪያው ቆጠራ የ1870ው ነው። ስለዚህ ዛሬ የአያቱን ዘር የሚፈልግ ጥቁር አሜሪካዊ 1870 ላይ ሲደርስ ፊቱን እንደ ግንብ ዐጥር የሚገታ ዝምታ ያጋጥመዋል፤ ያንን ዝምታ ለማለፍም የኑዛዜ ወረቀት፣ የሽያጭ ውል፣ የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ፣ የመቃብር ድንጋይ አንድ በአንድ ማገላበጥ ይኖርበታል። በዚህ ትዕግሥት ከተገኙት መካከል የጥበብ ሰዎችና የሴቶች የምርጫ መብት ተከራካሪዎች የነበሩ ብዙ ሴቶች አሉ። ቀራፂዋ ኤድሞንያ ሉዊስ በሮም ታላቅ ስም አግኝታ ሳለች፣ በ1907 በለንደን እንደ ሞተችና በዚያው እንደ ተቀበረች በእርግጥ የታወቀው፣ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ የሞትና የቀብር መዝገቦች በተመረመሩ ጊዜ ነው።

ከእነርሱ አንዲቱ በተለይ እኛን ትመለከታለች። በ1877 በፊላደልፊያ የተወለደችውና በፓሪስ የተማረችው ቀራፂ ሜታ ቮ ዋሪክ ፉለር፣ የሴቶችን የምርጫ መብት ከደገፉት ጥቁር ሴቶች አንዷ ስትሆን፣ የአሜሪካ ሴቶች የምርጫ መብት በሕገ መንግሥት ከጸደቀበት ከ1920 አንድ ዓመት በኋላ በኒው ዮርክ ባሳየችው ሐውልት፣ እስከ ወገቧ በመግነዝ የተጠቀለለች፣ ከወገቧ በላይ ግን መግነዙን ፈትታ ቀና ያለች ሴት ቀርፃለች፤ የሐውልቱንም ስም ኢትዮጵያ ብላ ጠራችው። ሀገራችንን በዓይኗ ያላየች ሴት የሕዝቧን ትንሣኤ ለመግለጥ የመረጠችው የእኛን ስምና የሴትን መልክ ነው። ስማችንን ለሐውልቷ የሰጠች ይህች ሴት በእኛ ትምህርት ቤቶች ዘንድ ሳትታወቅ መኖሯ፣ ዝንጋኤያችን እስከ ባሕር ማዶ የሚደርስ መሆኑን ያሳያል።

በሀገራችንም የሴት ድምፅ በሕግ የተቆጠረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ፣ በ1957 በተደረገው የመጀመሪያ የሕዝብ ምርጫ ሴቶችም መራጭም ተመራጭም ለመሆን ሲችሉ፣ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያይቱ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ፓርላማ ገቡ። በጠላት ወረራ ዘመን በኢጣሊያ ደሴት የታሰሩት፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩትና መጽሐፍ የደረሱት ስንዱ ገብሩ፣ በፒያኖ ድርሰታቸው ዓለም ያደነቃቸውና በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እኅት ናቸው። አንድ ቤት የሕግ አውጪና የጥበብ ሴት በአንድነት ማፍራቱ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን እውነቱን እንናገር፤ የእነዚህን እኅትማማች ዘር ለማግኘት አስቸጋሪ ያልሆነው አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በሀገሩ ዘንድ የታወቁ ታላቅ ሰው ስለ ነበሩ ነው። በዚያው በ1957 የምርጫ መብት ያገኘችው የከምባታዋ የአንጋጫና የዶዮገና ሴት ግን ከንቲባ አባት አልነበራትም፤ ስሟን ሊጠብቅላት የሚችለው የልጆቿ አፍ ብቻ ነበር፣ ልጆቿም አባታቸውን ብቻ ቆጠሩ።

የዚህን ነገር ክብደት በሙሉ ለመረዳት የከምባታ ሴቶች ይጠብቁት የነበረውን አንድ ሥርዓት ማስተዋል ያስፈልጋል። ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም ከአፏ አታወጣም፤ ይህ ብቻ አይደለም፣ በስማቸው የመጀመሪያ ክፍለ ቃል የሚጀምረውን ሌላውንም ቃል ሁሉ ትታ በምትኩ ሌላ ቃል ትናገራለች። ሥርዓቱ ባሊሻ ይባላል፤ የቋንቋ ሊቅ የሆነችው ይቮን ትራይስም በ2005 በጻፈችው ጥናት በዝርዝር አስረድታዋለች። ዛሬ በወጣቶቹ ዘንድ እየሳሳ ቢሄድም፣ አሮጊቶቹ በዚህ ዓይነት ዕድሜ ልካቸውን ተናግረዋል። አንዲት ሴት የሌላውን ሰው ስም ለማክበር ስትል የገዛ ንግግሯን ከሥሩ እስከ ጫፉ ለውጣ፣ ውኃ ስትቀዳም ሆነ ቆጮ ስትጋግር፣ ልጅ ስታባብልም ሆነ ለቅሶ ስትደርስ፣ አንዲቱን ድምፅ ከአንደበቷ እየጠበቀች ሰላሳና አርባ ዓመት መኖሯ ስንት ትዕግሥትና ስንት ማስተዋል ይጠይቃል! ስም ቅዱስ ነገር መሆኑን ከእርሷ የበለጠ ያወቀ ፈላስፋ የለም። እንግዲህ የሌሎችን ስም በዚህ ያህል ጥንቃቄ የጠበቀች ሴት ስሟ በልጅ ልጆቿ ዘንድ ሳይጠበቅ መቅረቱ፣ ከመርሳት አልፎ የፍርድ መጓደል ነው።

ከዚህች ምድር የተነሣች አንዲት ሴት ይህንን ዝምታ በዘመናችን ሰብራዋለች። በከምባታ ገጠር የተወለዱት ዶክተር ቦጋለች ገብሬ፣ ለሴት ልጅ ትምህርት በማይታሰብበት መንደር ውኃ ልቅዳ እያሉ በስውር ፊደል ቈጥረው፣ በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ተምረው ተመለሱ፤ በ1997ም ከእኅታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር የከምባታ ሴቶች በአንድነት የሚመክሩበትን ማኅበር በሀገራቸው አቋቋሙ። ሴት ልጅን መግረዝ እንዲቀር የደከሙት በማስፈራራት ሳይሆን፣ ሽማግሌውን፣ ካህኑን፣ እናቲቱንና ልጅቱን በአንድ ሸንጎ አስቀምጦ በማነጋገር ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ያልተገረዙ ልጃገረዶች በዘመድ በወዳጅ ፊት በአደባባይ በክብር ይዳሩ ጀመር። ለዚህ ሥራቸው በ2013 በቤልጅግ የንጉሥ ቦዱዌን ሽልማት ተቀብለው፣ በ2019 አርፈዋል። የሥራቸው ምስጢር ይህ ነው፤ ስለ እርሷ ሌሎች ሲወስኑላት የኖረችውን ሴት በስሟ ጠርተው ሐሳብሽ ምንድር ነው ብለው ጠየቋት። በሕይወት ያለችውን በስሟ መጥራትና የሞተችውን በስሟ መፈለግ ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ጽድቅ ነው።

አሁን ወደ ቀደሙት ሁለት መቃወሚያዎች እንመለስ። ሐዋርያው ጳውሎስ የነቀፈው ሰው በዘሩ ለመመካት፣ ከባልንጀራውም ጋር ለመከራከር የሚያበዛውን ቆጠራ ነው፤ ይህም ነቀፋ እኛ በአባት ስም የምንፎክረውን ፉከራ ሁሉ ይነካል። ቅዱስ ማቴዎስ ግን ወንጌሉን በትውልድ ቆጠራ ጀምሮ፣ በወንዶቹ ስም መካከል ትዕማርን፣ ራኬብን፣ ሩትንና የኦርዮን ሚስት አግብቷል። ራኬብ ከነዓናዊት፣ ሩት ሞአባዊት ነበሩ፤ ትዕማርና የኦርዮ ሚስት ደግሞ ብዙ ኃፍረትና ብዙ መከራ የደረሰባቸው ነበሩ። ወንጌላዊው ሊመካባቸው ቢፈልግ ኖሮ ሣራንና ርብቃን በጠራ ነበር፤ እነዚህን መጥራቱ የእግዚአብሔር ምሕረት በእነማን በኩል እንደ መጣ ሊያሳየን ስለ ወደደ ነው። የአባቶች ቆጠራ ትዕቢትን በሚወልድበት ቦታ የእናቶች ቆጠራ ትሕትናን ይወልዳል፤ ምክንያቱም በእናት በኩል ወደ ላይ የወጣ ሰው ደሙ ከሌላ ጎሳ፣ ከሌላ ሃይማኖት፣ ምናልባትም ንቆት ከኖረው ሕዝብ ጋር የተደባለቀ መሆኑን ያገኛልና። ሀዲያ ከከምባታ፣ ከምባታም ከሀላባና ከወላይታ የተጋባበትን ዘመን የሚመሰክሩት ወንድ አያቶች አይደሉም፣ ሴት አያቶች ናቸው።

እግዚአብሔር ሁሉን ያስታውሳልና የእኛ መታሰቢያ ምን ያደርጋል ለሚለውም መልሱ ይህ ነው። የእግዚአብሔር ዝክር የሞቱትን ይጠብቃል፤ የእኛ ዝክር ግን በሕይወት ያለነውን ያጸድቃል። እግዚአብሔር ድኻውን ሊመግብ ይችላልና አንመጽውት እንደማይባል ሁሉ፣ እግዚአብሔር ስሟን ያውቃልና አንፈልጋት አይባልም። አባትህንና እናትህን አክብር የተባለውም ትእዛዝ ሁለቱን በአንድ ቃል አስሮ የሰጠ ስለ ሆነ፣ አንዱን ጠብቆ ሌላውን የጣለ ሰው ትእዛዙን ፈጸምሁ ሊል አይችልም። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የሚከለከለው በአባትም በእናትም በኩል ነው፤ እንግዲህ ሥርዓቱን በእውነት ለመፈጸም የእናትን ወገን መቁጠር ግዴታ ነው። ለሙታን ጸሎት የማያደርሰው ወንጌላዊው ክርስቲያንም የጢሞቴዎስ ሃይማኖት በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ አስቀድሞ እንደ ነበረ በዚያው በጳውሎስ መልእክት ያነባል። እስላሙም ወንድማችን በቁርኣን የማርያምን ስም ለአንድ ሱራ መጠሪያ ሆኖ ያገኘዋል፤ ከነቢዩ የተላለፈውንም ብዙ ትምህርት ያወረሰችው ዓኢሻ መሆኗን ሊቃውንቱ ያስተምሩታል። በሆሳዕና ጎን ለጎን የሚኖሩት እነዚህ ሃይማኖቶች በሌላ ነገር ቢለያዩ በዚህ ግን አይለያዩም።

ፍለጋው የማይቻል ሥራ አይደለም። በሀዲያና በከምባታ ሰው ከገዛ ጎሳው ስለማያገባ፣ በአባቶች ሰንሰለት ውስጥ ባለው በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ከሌላ ጎሳ የመጣች አንዲት ሴት አለች ማለት ነው። ስለዚህ የአባትህን አባት ስም ለሚነግርህ ሽማግሌ ከማን ቤት አገባ ብለህ ጠይቅ፤ ጎሳዋን ካወቅህ ወደ ወንድሞቿ ልጆች ሂድ፣ እነርሱ እኅታቸውንና አክስታቸውን አይረሱምና። አሮጊቶችን ጠይቅ፤ ሽማግሌው ዘመቻና ሹመት ሲቆጥር እነርሱ ማን ማንን እንደ አዋለደ፣ የትኛዋ ሴት የትኛውን የእንሰት ዓይነት ከአባቷ ቤት ይዛ እንደ መጣች ያስታውሳሉ። የጥምቀት መዝገብ፣ የዕድር መዝገብ፣ የኒካሕ ውል፣ የአማኞች ስም የተጻፈበት የአጥቢያ ደብተር፣ የድሮ የመራጮች ዝርዝር ሁሉ ይመርመር። ደምህ ያልሆነችውንም አትለፍ፤ ልጅ ያልወለደችው አክስት፣ ሰው ያሳደገችው እንጀራ እናት፣ የመንደሩ አዋላጅ እንደ እሌኒ በሥራቸው ይፈለጋሉ እንጂ በዘራቸው አይገኙም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሥራ ለሊቃውንት ብቻ አትተወው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ አሮጊቶች ደጅ ይላክ፤ መምህራን የቤተሰብ ትውልድ ሲያስጽፉ የእናትን ወገን ከአባት ወገን እኩል ያስጽፉ፤ ካህናት፣ መጋቢዎችና ኢማሞች ልጅ ሲያስመዘግቡ የሁለቱንም ወገን አያቶች ስም ከነጎሳቸው ይጻፉ። አንተም ዛሬውኑ ወረቀት አንሥተህ የእናትህን፣ የእናትህን እናት፣ የአባትህንም እናት ስም ጻፍ፤ የጐደለህ ስም ካለም የሚያውቁት ሳያልፉ ሄደህ ጠይቅ። ይህ ለሙታን የምታደርገው ውለታ አይደለም፤ ሳትከፍለው የኖርኸው ዕዳ ነው።